ጭቃ ያልነካው ቦታ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ የጠራኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የእንጅባራው መጋዘን ሊጸዳ ሆነና፣ "ጋሽ ታከለ፣ የእርስዎ ተራሮች ቦታ ይዘውብናል፤ መጥተው የሚጣለውን ከሚቀረው ይለዩልን" አሉኝ። ተራሮች ያሏቸው ከካርቶንና ከጭቃ የሠራናቸውን የመሬት ምስሎች ነው። ቢሮው "ሞዴል" ይላቸዋል። ገበሬው "የጭቃ አገር" ይላቸው ነበር። እኔም የለመድኩት የገበሬውን ነው።

ሄድኩ። ሰላም የምትባል ባለሙያ አለች፤ ሰው የምታከብር ልጅ ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ተራራው አለ፣ ወንዙ አለ፣ ለከሰል የሚተከለው ግራር ሳይቀር አለ። ዝናብ ስትጨምርበት ወንዙ ያብጣል፤ ዛፉን ስታነሣበት አፈሩ ይሄዳል። እሰይ አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኛል። እኛ በእጃችን ስንለፋበት የኖርነውን እሷ ተቀምጣ ትሠራዋለች።

"ባዶው የቱ ጋ ነው?" አልኳት።

"ባዶ ሲሉ?"

"ያልታወቀው። ማንም ያልነገራችሁ ቦታ።"

"እሱንማ ኮምፒውተሩ ዙሪያውን አይቶ ራሱ ይሞላዋል፣ ጋሽ ታከለ።"

ልጅቱ ክፉ አልተናገረችም። እኔ ግን አንድ ሰውና አንድ ምንጭ ፊቴ ድቅን አሉብኝ። ቤቴ ገብቼም አልለቀቁኝም። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ አጻጻፌ ቢወላገድ አንባቢ ይታገሠኝ።

ሥራ የጀመርኩት ዳንግላ በጋሪ ነጂነት ነው። ዳማ ፈረስ ነበረኝ፣ ረጋ ያለ፣ እንደ ጌታው። አንድ የገበያ ቀን መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ቀጭን ሰው ከአውቶቡስ ወረደ። ሻንጣው ትንሽ ናት፤ ከአውቶቡሱ ጣሪያ የሚወርድለት ካርቶን ግን አያልቅም፤ የሳሙና፣ የብስኩት፣ የዘይት ካርቶን፣ ሁሉም ባዶ፣ ተጣጥፎ የታሰረ።

"ለሱቅ ነው ጌታዬ?" አልኩ።

"ተራራ ልሠራበት ነው።"

"ተራራ አነሰን እንዴ?"

ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው፣ ድምፅ የላቸውም። አቶ እንየው ይባላሉ፤ ለግብርናው ሥራ ወደ ወረዳው የተላኩ ባለሙያ ነበሩ። ጭነቱን አራግፌ ልሄድ ስል፣ "የዚህን አገር ዳገት ከአንተና ከፈረስህ የበለጠ ማን ያውቀዋል? አዊኛስ ትችላለህ?" አሉኝ። የእናቴ ቋንቋ ነው አልኳቸው። በዚያው ቀረሁ። መጀመሪያ የቀን ሠራተኛ፣ በኋላም ቋሚ ሆንኩ። የደመወዙን ነገር አላነሣም፤ ባለቤቴ ከእኔ የተሻለ ታስታውሰዋለች።

ሥራው እንዲህ ነው። ካርታ ላይ የመሬቱን ከፍታ የሚያሳዩ የተጠማዘዙ መስመሮች አሉ። እያንዳንዱን መስመር ካርቶን ላይ ገልብጬ በጩቤ እቆርጣለሁ። ሰፊውን ከታች፣ ጠባቡን ከላይ እያደረግሁ በዱቄት ሙጫ እደራርበዋለሁ፤ ደረጃ ደረጃ ያለው ተራራ ይወጣል። ከሥሩ የቀርከሃ ቃሬዛ አለው፤ ሸክሙ የሚነሣው በእሱ ነው። ከዚያ ጭቃ ነው። ከወንዝ ዳር የመጣ ጥቁር ጭቃ፣ የጤፍ ጭድ፣ እበት። እበት ከሌለው ይሰነጠቃል። በጥላ ነው የሚደርቀው፤ ፀሐይ ካገኘው ተራራው እንደ ተረከዝ ይሰነጠቃል። እዚህ ድረስ የእኔ እጅ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕዝቡ ነው። ለቤት የግብጦ ፍሬ ይሰካል፤ ለመንገድ ክር ይዘረጋል፤ ለእርሻ ቀይ አፈር፣ ለጫካ የተወቀጠ ቅጠል፣ ለገደል ከሰል። መጨረሻ ላይ ቂጡ በተበሳ ቆርቆሮ ዝናብ እናዘንብበታለን። ውሃው የሚሄድበትን ሁሉም በዓይኑ ያያል።

አቶ እንየው ልማድ ነበራቸው። ሕዝቡ ሞዴሉን ሲሠራ ከሁሉ ዝቅ ብለው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። መጠቆሚያውን ዘንግ በእጃቸው አይዙም፤ ለሚናገረው ሰው ያቀብሉታል። መጀመሪያ የሚናገረው ውሃ የሚቀዳ ነው፣ ቀጥሎ ከብት የሚጠብቅ፣ ቀጥሎ የሚያርስ። ባለሙያ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። "ሰው ተራራውን የሚያውቀው በደጁ በኩል ነው" ይሉኝ ነበር። "አንዱ ጀርባውን ያውቃል፣ አንዱ ሆዱን። ጂኦሎጂስቱ አጥንቱን ያውቃል። ሁሉም ያለውን አንድ ላይ ካላመጣ ተራራው አይቆምም።"

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን ይኸኛው ነው፦ ያልታወቀው ቦታ ጭቃ አይቀባም። ማንም ያልረገጠው፣ ማንም ያልመሰከረለት ቦታ ካርቶኑ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ጊዜ ቀዳዳው አስጠልቶኝ በጭቃ ብደፍነው፣ አልተቆጡም፤ ዝቅ ብለው በጥፍራቸው ፋቁት። "ይህን እንዳንረሳው ነው፣ ታከለ። ባዶ ሆኖ ሲታይ ይቆረቁራል፤ የቆረቆረህን ሄደህ ታየዋለህ" አሉኝ።

ዳንግላ አጠገብ የአንድ ቦረቦር ጠብ ነበር። ቦረቦሩ በየክረምቱ እየሰፋ እርሻ ይበላል፤ የላዩ ሰፈር የታችኛውን፣ የታችኛው የላዩን ይከስሳል። የጭቃውን አገር ሠርተን ስንጨርስ አንድ ጎልማሳ ዘንጉን ነጠቀና፣ "ይኸው! ከእነሱ እርሻ ነው የሚነሣው!" አለ። ከወዲያ ማዶ አንዲት ባልቴት፣ "አንተ፣ በሬህን ውሃ የምታወርድበት መንገድ የታለ? ክሩን የት ደበቅኸው?" አለችው። ሰው ሳቀ። ጎልማሳው አንገቱን እያሻሸ ክሩን ከቁልቁለቱ ዘረጋ። በቆርቆሮው ስናዘንብበት ውሃው እርሻውን ትቶ የከብቱን መንገድ ይዞ ወረደ። ቆይቶ ያው ጎልማሳ፣ "እንግዲህ በሬዬን ክሰሱት" አለና ዳግመኛ ተሳቀ። መንገዱን አዙረው ቦረቦሩን በድንጋይ ዘጉት። እንዲህ ያለ ቀን ብዙ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ሥራውን ወደድኩት።

ወደ እንጅባራ ስንዛወር ኃላፊያችን ሌላ ሆኑ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከላይ ሲያጣድፏቸው እኛን ያጣድፋሉ። ቃላቸው አንድ ነው፦ "አጭር አድርጉት።" አቶ እንየው እሺ ብለው ይወጡና ያው እንደ ልማዳቸው ይሠራሉ። አንድ ጊዜ ግን አጠር ተደረገ።

ከአዘና በላይ ያለች ደጋ ቀበሌ ናት፤ ስሟን አልጠራም። ሕፃናቱ ከወንዙ እየጠጡ በተቅማጥ ያልቁ ነበር። አዲስ መቃብር አይቼ የተሳለምኩበት ቀን አለ። ከተራራው ውሃ ጠልፎ በቧንቧ ወደ ሰፈሩ ማውረድ ነበር የታሰበው። የት ይቆፈር የሚለውን ለማወቅ ጭቃችንን ይዘን ወጣን፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አደርን፤ ሕዝቡም ነቅሎ መጣ። አገር ያሰኘ ሞዴል ነበር። ሴቶቹ በበጋ ውሃ የሚያዥበትን ጥግ ሁሉ አሳዩ። እረኞቹ ላም የምትሰምጥበትን ረግረግ አሳዩ።

በመጨረሻ ሁለት ቦታ ባዶ ቀረ። አንዱ ሰው የማይወርድበት ገደል ሥር ነው። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ደን ነው። የደኑን ዙሪያ በቅጠል አስውበው መሐሉን ተዉት።

"ይህስ?" አሉ አቶ እንየው በዓይናቸው ብቻ፣ ሳይጠቁሙ።

ሰዉ ወደ መሬት አየ። ከሴቶቹ መካከል አንዲት መነኩሲት ተቀምጠው ነበር፤ እማሆይ ወለተ ሥላሴ። ቀኑን ሙሉ ቃል አልተነፈሱም። ሁሉም እሳቸውን ጠበቀ። እሳቸው ባዶውን ካርቶን አይተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። አንድ ሽማግሌ፣ "እሱ እንዲሁ ይሁን" አሉ።

አቶ እንየው ፕሮቴስታንት ነበሩ። የሰው ቤተ መቅደስ ደጅ ላይ ቆሞ መጠየቅ ድፍረት ይመስላቸው ነበርና ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ አሉ። እኔም ያን ሰሞን ከአጥሩ ውጭ ተሳልሜ ነው የተመለስኩት፤ ጭቃ ሳቦካ ውዬ በዚያ ልብስ ወደ ውስጥ አይገባም። ባዶ ከሆነ አልታወቀም ማለት ነው፤ እኛ ባዶን የምናውቀው እንዲህ ነው። "ባዶዎቹን ተመልሰን እናያቸዋለን" አሉ አቶ እንየው። ዝናብ ስናዘንብበት ውሃው ከደኑ በላይ ካለው አለት ሥር ተነሥቶ ወረደና ወደ ደኑ ባዶ ካርቶን ገባ፤ ካርቶኑ ጠጣውና ጠቆረ። እማሆይ ያን ጊዜ ቀና ብለው እንዳዩት አስታውሳለሁ።

ተመልሰን አላየነውም። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነበር። ኃላፊው "አጭር አድርጉት" አሉ። አብሮን የሚሠራው ጂኦሎጂስት አለቱን አይቶ፣ ውሃው ከሥሩ አለ፣ ወደ ወንዙ ነው የሚወርደው አለ። ከባዶው ካርቶን ወዲያ የሚሆነውን ሞዴሉ ስለማያሳይ ይህን የሚቃወም ነገር አልነበረም። ከአለቱ ሥር ተቆፈረ፤ ውሃ ወጣ፤ ቧንቧው ሲከፈት እልልታው ከተራራ ተራራ ይመታ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሲያጠጡ አቶ እንየው ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ። የሥራ ዘመኔ ትልቁ ደስታ ያ ነበር። ደስታው እንደዚያው ቢቀር ምን ነበረበት።

በሚቀጥለው በጋ እማሆይ ወለተ ሥላሴ እንጅባራ ድረስ መጡ። እስከ አዘና በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ። ቢሮ ገብተው ሰላም ካሉን በኋላ የያዙትን ቢጫ ጀሪካን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ባዶ ነበር።

"ጠበሉ ሄደ" አሉ።

"የትኛው ጠበል፣ እማሆይ?" አሉ አቶ እንየው።

መነኩሲቷ መጀመሪያ ያላገጡባቸው መሰላቸው። ከዚያ የአቶ እንየውን ፊት አይተው ቀስ ብለው ተቀመጡ። በደኑ ውስጥ፣ ከገደሉ ወዲህ ቁልቁል፣ ከውጭ የማይታይ ጠበል ነበር። ልጅ ሳሉ ታመው በሸክም መጥተው የዳኑት በእሱ ነው፤ ድነው አልተመለሱም፤ መንኩሰው አጠገቡ ጎጆ ቀለሱ። ከዚያ ወዲህ ድውይ ሲመጣ ደግፈው የሚያስጠምቁት እሳቸው ናቸው። ውሃው በበጋው እየቀጠነ እየቀጠነ እንደ ክር ሆነ፣ ከዚያ መንጠባጠብ ሆነ፣ ከዚያ ቀረ።

"እማሆይ፣ ያን ቀን እዚያው ነበሩ እኮ። ለምን አልነገሩንም?" አሉ አቶ እንየው።

"ጠበል በእበት ጭቃ ይሠራል እንዴ፣ ልጄ?"

አቶ እንየው ጀሪካኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"ነግሬህ ነበር" አሉ እማሆይ። "ባዶ ተውኩልህ። የተከበረ ነገር አይነካም፤ ዙሪያውን አስጊጠው መሐሉን ይተዉታል። ሁሉም ያውቀዋል፤ አንተም ራስህን ስትነቀንቅ ያወቅኸው መሰለኝ።"

"እኔ ባዶ የምተወው ሌላውን ነው" አሉ አቶ እንየው፣ "የማናውቀውን።"

እሳቸው የሰው ደጅ አክብረው አልጠየቁም። ሕዝቡ ጠበሉን አክብሮ አልሠራም። እኔም አክብሬ ከአጥር ውጭ ቆምኩ። ሁላችንም ተከባብረን ነው ያጠፋነው።

ጂኦሎጂስቱ አብሮን ወጣና አየው፤ የውሃው ጅማት ከአለቱ ሥር ተቆርጧል። ከታች ምንጭ እንዳለ ባውቅ ኖሮ በዚህ በኩል አልቆፍርም ነበር አለ፤ እሱም ሲያለቅስ ማየት ከበደኝ። አቶ እንየው ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። "ያፈረስነውን እንመልስ። ጉድጓዱን እንድፈነው፤ ቧንቧው ይዘጋ፤ ምናልባት ውሃው መንገዱን ያገኛል" አሉ። ሰው ተከፈለ። አንዱ ያለ ጠበል ምን አገር አለ አለ። አንዱ ልጄን ከወንዙ ላጠጣ ነው ወይ አለ። የሚያስታርቅ ጠፋ፤ እንደገና ወደ እማሆይ ታየ።

እማሆይ ተነሡ። "እኔ ልጅ ሆኜ ታምሜ ነው እዚህ የመጣሁ" አሉ። "አሁን ልጅ የሚታመምበትን ነገር እኔ አድርጉ ልበላችሁ? ሕፃን የሚጠጣውን ውሃ አልዘጋም። ይፍሰስ።" ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጎጇቸው ሄዱ። ተከትሏቸው የሄደ የለም።

ቧንቧው አልተዘጋም። በዚያች ቀበሌ ከዚያ ወዲህ በተቅማጥ የተቀበረ ሕፃን አልሰማሁም። ድውዮቹ ግን መምጣት ተዉ። የጠበሉ ደጅ ሣር በቀለበት።

አቶ እንየው ከዚያ በኋላ ሳቃቸው ቀረ። ሥራውን አልተዉም። ግን ሌላ ልማድ ጨመሩ። ወደ የትኛውም ቀበሌ ስንሄድ በንጹሕ ከረጢት እበት ያልገባበት ጭቃና ባዘቶ ጥጥ ይይዛሉ። ጭቃው ከመቦካቱ በፊት ሕዝቡን፣ "የማይነካ ቦታ የቱ ነው? ጥጡን እናንተ አኑሩበት፤ ምን እንደሆነ ሳትነግሩኝ ብትቀሩም ግድ የለም፤ መኖሩን ብቻ ልወቅ" ይሉ ነበር። ሰው ጥጡን ያኖር ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ስንት ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቅነው፤ የቃል ኪዳን ዛፍ፣ የተጣሉ የታረቁበት ድንጋይ፣ በወረርሽኝ ያለቁ ሰዎች የተቀበሩበት ሜዳ።

ያችን ቀበሌ ግን አልረሷትም። የሞዴሏን ካርቶን መጋዘን ስንከት በሸራ የሸፈኑት በእጃቸው ነው። ታመው ተኝተው ልጠይቃቸው ስሄድ፣ "ታከለ፣ ጠበሉ እንዴት ሆነ?" ይሉኝ ነበር። "በክረምቱ ጥቂት ረጥቧል ይላሉ" እላቸዋለሁ። አልረጠበም ነበር። የቀበርናቸው በዚያው እንጅባራ ነው።

እንግዲህ መጋዘኑን ስንለይ ሸራውን የገለጥኩት እኔ ነኝ። የቀረው ይጣል፣ ይህን ግን ለቀበሌው ልውሰድላቸው አልኩ። ሰላም ታሪኩን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አድምጣ ስታበቃ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ ብዙ ሠራችበት። "ጋሽ ታከለ፣ እውነት ለመናገር ኮምፒውተሩ የገመተውን ለይቶ ማሳየት ይቻላል፤ እኛ ነን የማናሳየው" አለችኝ። አገሩ ላይ ነጫጭ ቦታ ወጣ። "ይህ ያላወቅነው ነው። የማይነካውን ግን ሰዎቹን መጠየቅ አለብኝ" አለች። አቶ እንየው ይህን ቢሰሙ ብዬ ተመኘሁ።

እስከ አዘና በአይሱዙ፣ ከዚያ በሰው ትከሻ ነው የወጣው። ቃሬዛው የቀርከሃ ነው፣ ሸራው ነጭ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ቆቡን እያወለቀ ይቆም ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ወርዶ፣ "ነፍስ ይማር፤ ማን ነው?" አለን። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ "አገር ነው" አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

እማሆይ ወለተ ሥላሴ አሁን ዓይናቸው አያይም። ጎጇቸው ደጅ ሞዴሉን አውርደን ሸራውን ገለጥን። እጃቸውን ይዤ አስነካኋቸው። በጣታቸው አለቱን አገኙ፣ የከብቱን መንገድ ተከተሉ፣ ትምህርት ቤቱን አለፉ፤ የተሰካውን ግብጦ እየዳሰሱ የየቤቱን ባለቤት ስም ጠሩ፤ ብዙዎቹ ሞተዋል። ደኑ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ካርቶኑ ዛሬም ያን ቀን የጠጣው ውሃ እድፍ አለበት።

ከአቶ እንየው የቀረልኝን ባዘቶ ከኪሴ አወጣሁ። "እማሆይ፣ ጥጡን እርስዎ ያኑሩበት። የተከበረ መሆኑን ሰው እንዲያውቅ።"

ጥጡን ተቀብለው አሹት። ከዚያ መልሰው እጄ ላይ አደረጉልኝ።

"ጌታህ ባዶ የሚተወው የማያውቀውን ነው ብሎኝ ነበር፣ አይደለም?"

"አዎ፣ እማሆይ።"

"እንግዲያማ አሁን እንደ እሱ ነው። ውሃው የት እንደሄደ አናውቅም። እንዲሁ ተወው።"

መዳፋቸውን ባዶው ካርቶን ላይ ዘረጉ። ከታች፣ ከትምህርት ቤቱ በኩል፣ ልጆች ቧንቧው ሥር ሲራጩና ሲንጫጩ ይሰማል። እማሆይ ወደዚያ ፊታቸውን መለሱ፤ እጃቸውን ግን አላነሡም።